ጀባና ጓዳ፦ ፓይተን ላይ አርጊውመንትና ስኮፕ እንዴት እንደሚሰሩ

ደሴ ሰኞ ገበያ ሱቅ ላላት እህቴ በፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) የዱቤ መመዝገቢያ ልስራላት ብዬ ሁለት ሌሊት ተጨነቅኩ፣ የአንዱ ደንበኛ ዱቤ ሌላው ላይ እየተጻፈ ከሰው ሊያጣላት ነበር፣ ጥፋቱ ኋላ ሲገባኝ ግን አንድ መስመር ሆኖ አገኘሁት፣ እናንተም እንዳትለፉ ልጻፈው።

መጀመሪያ አርጊውመንት። እኛ ጋ ቡና ሲደርስ ሲኒውን ጀባ ትሉ የለ? ፋንክሽን (ስም ሰጥታችሁት ስትጠሩት የሚሰራ የኮድ ቁራጭ) ስትጠሩም ቅንፉ ውስጥ ጀባ ያላችሁት ነገር አርጊውመንት ነው፣ ፋንክሽኑ ለተቀበለው ነገር ያወጣለት ስም ደግሞ ፓራሜትር ይባላል፣ በቃ። ይቺን ሞክሩ፦

ዴፍ ቀንስ(ዋጋ, ስንት=50):
    ሪተርን ዋጋ - ስንት

ዴፍ ፋንክሽኑን ይጀምራል፣ ሪተርን ውጤቱን ይመልሳል፣ እነሱም ሆኑ ኋላ የሚመጡት ግሎባል፣ አፔንድ፣ ኢፍ፣ ኢዝ፣ ነንና ኮፒ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ ዋጋና ስንት ግን በአማርኛ ቢሆኑም ፓይተን 3 ምንም አይልም። ቀንስ(500) ስትሉ 450 ይመልሳል፣ ስንትን ስላልሰጣችሁት 50ን ራሱ ሞላ ማለት ነው። ቀንስ(500, 100) 400 ነው፣ ቀንስ(ስንት=100, ዋጋ=500) ብትሉም ያው 400፣ በስሙ ከጠራችሁት ተራው አያስጨንቅም።

ስኮፕ ላይ፣ ማለት አንድ ስም የት የት ይታያል የሚለው ላይ ነው ሰው የሚደናበረው። የፋንክሽን ውስጡን ጓዳ በሉት፣ ውጪውን ሳሎን። ከጓዳ ሆናችሁ ሳሎን ያለውን ታያላችሁ፣ ከሳሎን ግን ጓዳ አይታይም፣ ፋንክሽኑ ሲያልቅ ጓዳ የተሰራው ስምም አብሮ ይጠፋል። ኢፍና ፎር ግን የራሳቸው ጓዳ የላቸውም፣ እነሱ ውስጥ የፈጠራችሁት ስም ካለቁም በኋላ እዚያው ይቆያል። አሁን ይቺን እዩ፦

ዋጋ = 500
ዴፍ አርክስ():
    ዋጋ = ዋጋ - 50

አርክስ() ብላችሁ ስትጠሩት አንባውንድ ሎካል ኤረር ይላችኋል። እንዴ፣ ዋጋ እላይ ተጽፎ የለ እንዴ? ተጽፏል፣ ግን ፋንክሽኑ ውስጥ የትም ቦታ ላይ ዋጋ = ካላችሁ ፓይተን ገና ሳያስኬደው ዋጋን የጓዳ ስም አድርጎ ይይዘዋል፣ ከዚያ ሊቀንስለት ሲሄድ ጓዳው ባዶ። ግሎባል ዋጋ የሚል መስመር ከላይ ብትጨምሩ ይሰራል፣ እኔ ግን አልወደውም፣ ፋይሉ ሲረዝም ዋጋውን ማን እንደነካው ፍለጋ ትገባላችሁ። ጀባ በሉትና የመለሰውን ተቀበሉ፦ ዋጋ = ቀንስ(ዋጋ)።

ወደ እኔ ጉድ ስመለስ እንዲህ ነበር የጻፍኩት፦

ዴፍ መዝግብ(እቃ, ዱቤ=[]):
    ዱቤ.አፔንድ(እቃ)
    ሪተርን ዱቤ

[] ባዶ ሊስት ማለትም ባዶ ዝርዝር ነው፣ አፔንድ ደግሞ መጨረሻው ላይ ይጨምርበታል። ለአንዷ መዝግብ("ዘይት") አልኩ፣ ልክ ነው። ለሌላዋ መዝግብ("ስኳር") ስል ["ዘይት", "ስኳር"] አይወጣ መሰላችሁ! ያ ባዶ ሊስት የሚሰራው ዴፍ ሲነበብ አንዴ ብቻ ነው፣ በጠራችሁት ቁጥር አዲስ አይሆንም፣ የአቦሉ አተላ ሳይደፋ ቶና እንደሚፈላው በሉት። መድኃኒቱ፦

ዴፍ መዝግብ(እቃ, ዱቤ=ነን):
    ኢፍ ዱቤ ኢዝ ነን:
        ዱቤ = []
    ዱቤ.አፔንድ(እቃ)
    ሪተርን ዱቤ

(ነን ስል የፓይተኑን ባዶ ነው እንጂ «እኛ ነን» አላልኩም።) አንድ ነገር ግን፣ የራሳችሁን ሊስት ጀባ ካላችሁት አፔንዱ የውጪውንም ሊስት ይነካዋል፣ ሊስቱ ያው አንድ ነው፣ ካልፈለጋችሁ ዱቤ.ኮፒ() ብላችሁ ስጡት። አሁን ሁለቴ ጥሩት፣ ሁለተኛው ["ስኳር"] ብቻ ካወጣ ጨርሳችኋል።