በየወሩ የሚያዋጣ ደጋፊ እንዴት ይገኛል? ለክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሠሪዎች

ከጓደኞቼ ጋር የአማርኛ ፊደል አራሚ እንሠራለን። ኮዱ ክፍት ነው፣ አንሸጠውም። ሰርቨሩ ግን በየወሩ ይከፈልበታል። መጀመሪያ ገጻችን ላይ «ይለግሱ» የሚል ቁልፍ ለጥፈን ቁጭ አልን። አንድ ሰሞን ዘነበልን፣ ከዚያ በጋ ሆነ።

የሚጠቅም ነገር መሥራት ብቻውን ገንዘብ አያመጣም። ስንቱ ድረ ገጽ ምስጢሩን የሚጠብቅበት ኦፕንኤስኤስኤል የተባለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር እንኳ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ኸርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ እስኪገኝበት ድረስ በዓመት የሚያገኘው ልገሳ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር።

መጀመሪያ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ወስኑ። በግል ሒሳብ አትቀበሉ፤ ጓደኛ ያጣላል። የተመዘገበ ድርጅት ከሌላችሁ ኦፕን ኮሌክቲቭ በተባለው የመዋጮ መሰብሰቢያ ድረ ገጽ ላይ ገንዘቡን የሚይዝላችሁ አስተናጋጅ ድርጅት መፈለግ ትችላላችሁ። ገቢና ወጪው ለሁሉም ይታያል፣ እኔ የምወደውም ለዚህ ነው። ሊበራፔይ የተባለው ሌላ የመዋጮ ድረ ገጽ ደግሞ ለራሱ ኮሚሽን አይቆርጥም፤ የክፍያ አስተላላፊዎቹ ግን ይቆርጣሉ። አገር ቤት ላሉት በወሩ መጀመሪያ ማስታወሻ እንልካለን፣ በቴሌብር ይልካሉ።

ከዚያ «በየወሩ» የሚለውን ምርጫ «አንድ ጊዜ» ከሚለው በላይ አድርጉት። መነሻውም ትንሽ ይሁን። ለአሥር ወር ሳይቋረጥ የሚገባ 5 ዶላር፣ አንዴ መጥቶ ከሚጠፋ 50 ዶላር ይሻለኛል። ቢያንስ የሚቀጥለውን ወር አውቄ አድራለሁ። መዋጮ ስትጠይቁ ደግሞ ሰው በሶፍትዌራችሁ እየጻፈ እያለ አታቋርጡት።

አሁን እኔን ያቃጠለኝ ጉዳይ። በሁለተኛው ዓመት ደጋፊዎቻችን አንድ በአንድ ይጠፉ ጀመር። ተቀይመውናል ብዬ አሰብኩ። ሌሊት ቁጭ ብዬ «ምን አጠፋን?» የሚል ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩና ለሁሉም ላክሁ፤ እየከፈሉ ላሉትም ጭምር። አንዲት እህታችን ከቨርጂኒያ መለሰችልኝ፦ «ኧረ ወንድሜ፣ ካርዴ ጊዜው አልፎ ነው! አዲሱን አላስገባሁም እንጂ እየከፈልኩ ነው የሚመስለኝ።»

ሲጣራ አብዛኞቹ እንደዚያው ነበሩ። ካርድ ያረጃል፣ ይጠፋል፣ ባንኩ ይቀይረዋል። ሰውየው አልሄደም፤ ክፍያው ነው ያልሄደው። ክፍያ እንዳላለፈ የሚነግር ኢሜይል ሲመጣልኝ ሳላነብ አልፈው ነበር። የዕድር ጸሐፊ እኮ አባል ሁለት ወር ሲቀር ቤቱ ሄዶ ይጠይቃል እንጂ ስሙን ሰርዞ ዝም አይልም።

ስለዚህ በወር አንድ ቀን ያላለፉ ክፍያዎችን ዝርዝር ክፈቱ። በሳምንቱ ውስጥ ለእያንዳንዱ በስሙ ሁለት መስመር ጻፉ፦ «ካርድዎ አላለፈም፣ በዚህ ሊንክ ማስተካከል ይችላሉ። እናመሰግናለን።» በቃ። የሚለማመጥ ደብዳቤ አትጻፉ፤ ያሳፍረዋል፣ ያፈረ ሰው ደግሞ አይመለስም። ማቋረጫውንም አትደብቁ። መውጫው የማይታይ ቤት ማን ይገባል?

የቀረው ወሬ ማድረስ ነው። ቲሸርትና ስቲከር እንልክ ነበር፤ ፖስታው ከመዋጮው በለጠና ተውነው። አሁን በወር አንድ አጭር መልእክት እንልካለን፦ ምን ተሠራ፣ ስንት ወጣ። ከሁሉም ብዙ መልስ ያመጣልን «ጸሐይ»ን እና «ፀሐይ»ን አራሚው ሁለቱንም እንዲቀበል አድርገናል ያልንበት ነው። ሁሉም የየራሱን «ፀ» ይዞ መጣ። አንዱማ መዋጮውን ከ5 ወደ 10 ዶላር አሳድጎ ነው የተከራከረን።