የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክን ፋይል ሳይጠፋ እንዴት ለሁለት መክፈል ይቻላል?

ብዙ ላፕቶፕ ሲገዛ ያለው አንድ ሲ ድራይቭ ብቻ ነው። ዊንዶውሱም፣ ፎቶውም፣ የቢሮ ሰነዱም እዚያው ይጠራቀማል። ዊንዶውስ ተበላሽቶ «ፎርማት ይደረግ» ሲባል ነው ጭንቀቱ የሚመጣው። ዲስኩ ለሁለት ተከፍሎ ሰነዶቹ ዲ በሚባለው ሁለተኛ ክፍል ላይ ከሆኑ ግን ሲን ብቻ ፎርማት አድርጎ መገላገል ይቻላል። መክፈሉን ዊንዶውስ ራሱ ስለሚሠራው የሚወርድ ፕሮግራም አያስፈልግም።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንግባባ፦ ዲ ድራይቭ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አይደለም። ሁለቱም ያሉት አንድ ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ ከሞተ አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ የማይተካ ፋይላችሁን መጀመሪያ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ከዚያም የገለበጣችሁት በትክክል እንደሚከፈት እዩ።

ቻርጀሩን ሰኩ። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ከሆነ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አትጀምሩ። ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ያዙ። እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ማስቀመጥ ቁልፍን ቤት ውስጥ ትቶ በር እንደ መዝጋት ነው።

1. የዊንዶውስ ቁልፍንና ኤክስን አብራችሁ ጫኑና ዲስክ ማኔጅመንትን ምረጡ። ከሲ ሌላ ፊደል የሌላቸው ትንንሽ ክፍሎች ታያላችሁ። ኢኤፍአይ የተባለው ዊንዶውስ የሚነሳበት ነው፤ ሪከቨሪ ደግሞ ለጥገና ነው። አትንኳቸው። 512 ጊጋ ብላችሁ የገዛችሁት ዲስክ 476 አካባቢ ሆኖ ቢታይ አልተጭበረበራችሁም። አምራቹ በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚያሰላ ነው።

2. ሲ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና ሽሪንክ ቮልዩም በሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሣጥኑ ውስጥ የሚጻፈው ከሲ ላይ የሚቀነሰው እንጂ ለሲ የሚቀረው አይደለም። መለኪያውም ሜጋባይት ነው። ለዲ 200 ጊጋ ከፈለጋችሁ 200 በ1024 ተባዝቶ 204800 ትጽፋላችሁ። ለሲ አትሰስቱ፤ ዝመናውም ፕሮግራሙም የሚገባው እዚያ ስለሆነ እኔ ከ150 ጊጋ በታች አላወርደውም።

ሲ ላይ ብዙ ባዶ ቦታ እያለ «መቀነስ የሚቻለው ትንሽ ነው» ሊላችሁ ይችላል። ከቦታቸው የማይንቀሳቀሱ የዊንዶውስ ፋይሎች መሀል ላይ ተቀምጠው ነው። ሃይበርኔሽንን (ክፍት ሥራን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ላፕቶፑን የሚያጠፋውን)፣ ሲስተም ፕሮቴክሽንንና (ዊንዶውስን ወደ ቀድሞው ሁኔታ ለመመለስ የሚያገለግለውን) ፔጂንግ ፋይልን (ሜሞሪ ሲያንስ የሚያግዘውን ፋይል) ለጊዜው አጥፉ፣ ሪስታርት አድርጉ፣ እንደገና ሞክሩ። ሲስተም ፕሮቴክሽን ሲጠፋ የቆዩ ሪስቶር ፖይንቶች (ወደ ኋላ መመለሻ ነጥቦች) ሊሰረዙ እንደሚችሉ ግን እወቁ። ሲያልቅ ሁሉንም መልሳችሁ አብሩ።

3. በጥቁር መስመር የሚታይ አንአሎኬትድ የተባለ ቦታ ይመጣል። እሱ ላይ ራይት ክሊክ፣ ከዚያ ኒው ሲምፕል ቮልዩም። ፊደሉን ዲ አድርጉ፣ ፎርማቱ ኤንቲኤፍኤስ ይሁን፣ ኩዊክ ፎርማት ላይ ምልክት ይኑር፤ አበቃ። ቆየት ባለ ላፕቶፕ ላይ «ዲስኩ ወደ ዳይናሚክ (ወደ ሌላ የዲስክ አደረጃጀት) ይቀየራል» የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ እምቢ በሉ። ኤምቢአር የተባለው የድሮ አከፋፈል ከአራት ዋና ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) በላይ ስለማይቀበል ነው የሚመጣው። ዳይናሚክ ካደረጋችሁት በኋላ መመለሱ ራስ ምታት ነው።

ሲን መልሶ ማስፋትስ? ኤክስቴንድ ቮልዩም የሚሠራው ባዶው ቦታ ከሲ በስተቀኝ፣ ልክ አጠገቡ ሲሆን ብቻ ነው። መሀል ላይ ዲ ካለ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ አውጥታችሁ ዲን ማጥፋት ግድ ነው። ዲሊት ቮልዩም ከመጫናችሁ በፊት ፊደሉን ደግማችሁ አንብቡ። መሀል ያለው ሪከቨሪ ከሆነ ዲስክ ማኔጅመንት ሊያንቀሳቅሰው አይችልም። ከፍላሽ የሚነሳው ጂፓርትድ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይችላል። ግን ፓርቲሽን ማንቀሳቀስ ረጅም ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ መሀል ላይ ከተቋረጠ ፋይል ይበላል። ባክአፕ የሌለው ሰው ባይሞክረው ይሻላል።

አዲሱ ዲ እንዲያገለግል ውስጡ ዶክመንትስ የሚባል ፎልደር ክፈቱ። ከዚያ የድሮው ዶክመንትስ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሎኬሽን፣ ሙቭ ብላችሁ ወደዚያ ፎልደር ምሩት። ዲን ራሱን አትምረጡ፤ ዲ ድራይቭ በሙሉ ዶክመንትስ ሆኖ ቁጭ ይላል።