ብስክሌት መንዳትን ዘላቂ ልማድ ያደረግሁበት መንገድ

በሳምንት አምስት ቀን ብስክሌት ለመንዳት ደጋግሜ ብወስንም፣ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ይቀር ነበር። ችግሩን ለረጅም ጊዜ የፈቃደኝነት ማነስ አድርጌ ብቆጥረውም፣ ያልነዳሁባቸውን ቀናት ምክንያት ለአንድ ወር ስመዘግብ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያስቀረኝ ድካም ሳይሆን ከመነሳቴ በፊት የሚገጥሙኝ ጥቃቅን እንቅፋቶች መሆናቸውን ተረዳሁ።

ከሁሉ የከፋው የጎማው አየር ነበር። የውስጥ ጎማ ባይበሳም እንኳ አየሩ ቀስ በቀስ ስለሚቀንስ፣ ለሳምንታት የቆመ ብስክሌት ሲነዳ ይከብዳል፤ ነጂው ግን ክብደቱን የራሱ አቅም ማነስ አድርጎ ይወስደዋል፤ እኔም ይህን ስህተት ለዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን ዘወትር እሑድ ማታ በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው የግፊት መጠን ሳላልፍ አየር እሞላለሁ፣ ካቴናውንም ጠርጌ ዘይት እቀባለሁ። ኮርቻው ዝቅ ብሎ ጉልበቴን ያሳምመኝ ስለነበር፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቴ በጥቂቱ ብቻ እንዲታጠፍ አድርጌ ከፍ አደረግሁት፤ ሕመሙም ተወኝ።

ቀጥሎ ግቡን ቀየርሁ። ነፋስ በሚበረታበት ቀን ርቀቱ እያነሰ ተስፋ ያስቆርጠኝ ስለነበር፣ ኪሎ ሜትር መቁጠሬን ትቼ ደቂቃ መቁጠር ጀመርሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ስለሚመክር፣ ይህንኑ ለአምስት ቀን አካፍዬ በቀን 30 ደቂቃ አደረግሁት። መንፈሴ በሚዝልበት ቀን 10 ደቂቃ ብቻ ነድቼ እንድመለስ ለራሴ ፈቅጃለሁ፤ አንዴ ከወጣሁ ግን በ10 ደቂቃ የተመለስሁባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው።