ሕፃናትን ከሙዚየም ዕቃና ከዛፍ ጋር ስናገናኝ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሆናቸውን ሕፃናት እዚህ ጅማ ሙዚየም እያስጎበኘሁ፣ ከጉብኝቱም በኋላ ሥዕል እያሳልሁ ዓመታት አልፈዋል። መምህራንም ሆንን እኛ አስጎብኚዎቹ የምንሳሳተው በአብዛኛው በዚያው በታወቀው ቦታ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ናሙና ማሳየት ነው። መምህርቷ ቤቷ ስትደክምበት ያመሸችውን፣ ከቅጠል የተሠራ ወፍ ግድግዳው ላይ ለጥፋ «እንዲህ አድርጋችሁ ሥሩ» ስትል፣ ልጆቹ በእጃቸው የያዙትን ቅጠል ማየት ትተው የእሷን ወፍ ማየት ይጀምራሉ። ክንፉን በሌላ ጎን የለጠፈ ልጅ «ተሳስተሃል» ይባላል፤ መጨረሻ ላይም ሠላሳ መንታ ወፎች ይሰበሰባሉ። ለዚህ ለዚህማ ልጆቹን ከትምህርት ቤታቸው ማንቀሳቀስ ለምን አስፈለገ? እኔም ብሆን ከተማችን የምትታወቅበትን ባለሦስት እግር በርጩማ ሰሌዳ ላይ ሥዬ፣ እግሮቹን እያስቆጠርሁ ያስቀዳሁበት ጊዜ ነበር። በኋላ ሰሌዳውን ባዶ ትቼ፣ በማለዳ የዋንዛን ግንድና ሻካራ ቅጠል አስዳሰስኋቸው፤ በርጩማው ከእንዲህ ያለ ግንድ፣ ከአንድ ወጥ እንጨት እንደሚፈለፈል ብቻ ነግሬ ወረቀት ሰጠኋቸው። አንዲት ልጅ በቅርንጫፎቹ ላይ እንደ ማንጎ የተንጠለጠሉ ትንንሽ በርጩማዎች ሣለች። አብራን የነበረች መምህርት ልታርማት እጇን ስትዘረጋ፣ ከልማዴ ውጪ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከለከልኋት።

ብዙ ዕቃ ማሳየትም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1932 ያረፉትን የንጉሥ አባ ጅፋርን ታሪክ ለአምስት ዓመት ሕፃን በዝርዝር መተረክ ተራኪውን እንጂ ሰሚውን አያስደስትም።

ቅጠልን ከወረቀት ሥር አድርጎ በክሬዮን ማሸት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኛው ሰው የቅጠሉን ለስላሳ ፊት ወደ ላይ ስለሚያደርገው ምንም አይታተምም። ጅማቶቹ ጎልተው የሚወጡት በጀርባው ስለሆነ ጀርባው ወደ ላይ ይሁን፤ ወረቀቱ ስስ፣ ክሬዮኑም ልጣጩ ተነሥቶ በጎኑ የተጋደመ ሊሆን ይገባል። የደረቀ ቅጠል ይፈረካከሳል።

የተሰበሰበ ቅጠልና ቅርፊት ወደ ማሳያ ክፍል ፈጽሞ አይግባ፤ ቅርፊት ውስጥ የተደበቀ እንጨት በል ነፍሳት የቆዩትን የእንጨት ዕቃዎች ሊያበላሽ ይችላል።

አሁን የምናገረውን ግን መምህራን ሁሉ ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። አንድ ልጅ ለወፉ ዓይን የሚሆን ዝንጉርጉር፣ የሚያብረቀርቅ ፍሬ አግኝቶ በጭብጡ ይዞ አገኘሁት፤ የጉሎ ፍሬ ነበር፤ ሌላውን እጁን ደግሞ አፉ ውስጥ ከቷል። የጉሎ ፍሬ ታኝኮ ከተዋጠ ክፉኛ ይመርዛል። አስተናግርም መርዝ ነው፤ የቅንጭብ ወተትም ዓይን ውስጥ ከገባ ይጎዳል። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆቹ ሳይደርሱ ግቢውን ብቻዬን እዞራለሁ፤ ሲጨርሱም እጃቸውን ሳይታጠቡ ምሳ ዕቃ አይከፈትም።

የቡና አበባ እናሳያለን ብሎ ከወር በፊት ቀን መቁረጥ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው፤ አበባው ደረቁ ወቅት አልፎ ዝናብ ሲያገኝ ባንድ ጊዜ ፈክቶ በጥቂት ቀናት ይረግፋል። ቀይ ፍሬው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሚቆይ ያን ያህል አያስቸግርም። ለአበባው የምንይዘው ቀጠሮ ግን «ዝናቡ በጣለ በሳምንቱ» የሚል ነው፤ ትምህርት ቤቶቹም መጀመሪያ ቢስቁብንም አሁን ለምደውታል።