አይሲውን ከመቀየራችሁ በፊት ጥቅሉን እዩ፦ ቤት የተሠራ ሜታል ዲቴክተር (ብረት መፈለጊያ) ሲያስቸግር

እዚህ ባሕር ዳር ሜታል ዲቴክተር የሚሠሩ ልጆች መሣሪያቸው እምቢ ሲላቸው ቦርዱን ይዘው ይመጣሉ። ጥቅሉን፣ ማለትም ብረቱን የሚያስሰውን ክብ የሽቦ ጥቅል፣ ቤት ትተውት ነው የሚመጡት። «አይሲው ተቃጥሏል መሰለኝ» ይሉኛል፤ ቦርዱ ላይ ያለውን ቺፕ ማለታቸው ነው። እኔ ደግሞ ጥቅሉን አምጡ እላለሁ። እኔም የመጀመሪያዬን ስሠራ ሁለት አይሲ ቀይሬያለሁ። ጥፋቱ ግን የሽቦው ጫፍ ላይ ነበር።

የማወራው ስለ ፐልስ ኢንዳክሽን ዓይነት ነው። 555 አይሲና አይአርኤፍ740 ትራንዚስተር ያለበት፣ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራው ማለቴ ነው። ወደ ጥቅሉ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይልካል፣ ድንገት ያቋርጠዋል፣ ከዚያ ብረቱ የሚመልሰውን ደካማ ምልክት ያዳምጣል። ጥቅሉ 19 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በ0.5 ሚሊ ሜትር ሽቦ 25 ዙር የተጠቀለለ ነው። ሽቦውን ሞተር ከሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ጠይቁ፤ 16 ሜትር ይበቃል።

እኔ ዘንድ መሣሪያው የሚሠራው ለአናጢዎች ነው። አሮጌ ጣውላ መጋዝ ከመንካቱ በፊት የተደበቀ ምስማር ይፈለግበታል። የተቀበረ የውሃ ቧንቧም እናገኝበታለን። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ይዞ መሄድ ግን አይታሰብም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ መፈለግና መቆፈር ፈቃድ ይጠይቃል።

ጭራሽ ድምፅ የለም

ባትሪውን መሣሪያው በርቶ እያለ ለኩ። ሳይበራ 12 አሳይቶ ሲበራ የሚወርድ ባትሪ ብዙ ነው። ባትሪው ደህና ከሆነ ወደ ሽቦው ጫፍ ሂዱ። ይህ ሽቦ ራቁቱን ይመስላል እንጂ በቀጭን ቫርኒሽ የተሸፈነ ነው። ሊዱ (ቀልጦ ሽቦውን ከቦርዱ ጋር የሚያጣብቀው) ላዩ ላይ ተድበልብሎ ይቀመጣል፤ የያዘ ይመስላል፣ አልያዘም። ጫፉን አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በምላጭ እያዞራችሁ ፋቁት። ቀላ ያለው መዳብ በሁሉም በኩል ሲታይ ብቻ ሊድ አስነኩት።

ከዚያ ጥቅሉን ከቦርዱ ነቅላችሁ በቴስተር ለኩት። ወደ 1.3 ኦም ማሳየት አለበት። መጀመሪያ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች አነካኩና የሚታየውን ቁጥር ቀንሱለት፤ የቴስተሩ ገመድ የራሱ ኦም አለው። ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ገና አልተፋቀም።

ይሠራል፣ ግን ሳንቲም አፍንጫው ሥር ካልደረሰ አይጮህም

ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ብር ሳንቲም ከ15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሊሰማ ይገባል። 5 ላይ ከቀረ አንድ ነገር ኃይሉን እየበላው ነው።

መጀመሪያ የምጠረጥረው ሾርት ያደረገ ዙር ነው። ሲጠቀለል ቫርኒሹ ተፍቆ ሁለት ዙሮች ከተነካኩ አንዱ ዙር ዝግ ቀለበት ይሆናል። ያ ቀለበት ራሱ ጥቅሉ ሥር እንደተቀመጠ ብረት ነው። ቴስተር ደግሞ አይነግራችሁም፤ ልዩነቱ ከ0.1 ኦም በታች ነው። ፈትቶ እንደገና መጠቅለል ነው መፍትሄው። ይህን ስናገር ልጆቹ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ግን ሌላ መንገድ የለም።

ስትጠቀልሉ ጣውላ ላይ በክርና በእርሳስ ክብ ሥሩ። ክሩ 9.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ዙሪያውን 16 ምስማር ምቱ። ብዙዎች የሚዘነጉት እዚህ ጋ ነው፦ በየምስማሩ ላይ የለስላሳ መጠጫ ስትሮ ቆርጣችሁ አልብሱ። የምስማሩ ሻካራ አንገት ነው ቫርኒሹን የሚልጠው። ሽቦውን ሳታላሉ፣ ግን ሳትጎትቱ ዙሩት። ከምስማሩ ሳታወጡት በየመሃሉ በክር እሰሩት፣ ከዚያ በናስትሮ ጠቅልሉት።

ጥቅሉ ደህና ከሆነ እጀታውን ተመልከቱ። የያዘው ብሎን ብረት ከሆነ በፕላስቲክ ቀይሩት። ቀጥሎ ከጥቅሉ ጋር በትይዩ ያለው ሬዚስተር አለ። ምቱ ሲቋረጥ ጥቅሉ እንደተመታ ደወል ይንቀጠቀጣል፤ ሬዚስተሩ ያንን ያበርደዋል። ኦሙ ካነሰ ጥቅሉ ይዘገያል፣ ከበዛ መንቀጥቀጡ አይቆምም። ከ390 እስከ 680 ኦም ባለው መሃል የሚስማማውን ፈልጉ። በየቅያሪው ሳንቲሙ የሚሰማበትን ርቀት በማስመሪያ ለኩ። ስትቀይሩ መሣሪያውን አጥፉ፤ በርቶ እያለ የጥቅሉ ጫፍ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አለ።

ቤት ውስጥ ዝም አይልም

ምናልባት ምንም አልተበላሸም። የመብራት መስመር፣ የስልክ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖል ሁሉ ይረብሹታል። ሜዳ አውጥታችሁ ሞክሩት። እዚያም ከጮኸ ቮልዩሙን (ቦርዱ ላይ እየዞረ የሚያስተካክለውን) ጩኸቱ ጠፍቶ አልፎ አልፎ ጠብ እስኪል ድረስ መልሱት።

ሲነቀነቅ ይጮኻል

ዙሮቹ ላልተዋል። በኢፖክሲ አድርቁት። ሰም የሚያፈሱ አሉ፤ የባሕር ዳር ፀሐይ ግን ያለሰልሰዋል።

እርጥብ ሣር ሲነካ ይጮኻል

ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር ቄጠማው መሃል የሚገጥም ነው። መጀመሪያ ውሃ ገብቶ እንደሆነ እዩ፤ ከገባ አድርቃችሁ በደንብ ድፈኑት። ደረቅ ሆኖ ከጮኸ እርጥቡ ሣር የጥቅሉን ኤሌክትሪክ እየነካው ነው። ቀጭን የወጥ ቤት ፎይል አልብሱትና ከቦርዱ ኔጌቲቭ ጋር አገናኙት። ፎይሉ ዙሪያውን ከገጠመ ግን ዝግ ቀለበት ሠራችሁ ማለት ነው፤ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉለት። ችግሩ ከሌለ ፎይል አታልብሱ፣ ከርቀቱ ትንሽ ይቀንሳል። ውሃው ራሱ አያስፈራም፤ ጣና ጨው አልባ ነው፣ እንደ ባሕር ውሃ አያስቸግርም።

ቀይ አፈር ላይ በሄደበት ሁሉ ይጮኻል

የጣና ዙሪያ ድንጋይ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ባዛልት ነው፣ ቀዩ አፈርም ብረት የበዛበት ነው። መሣሪያው አልተሳሳተም። ጥቅሉን ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉና ቮልዩሙን እዚያው ከፍታ ላይ አስተካክሉ፣ ከዚያ ከፍታውን ሳትለቁ ሂዱ። ከሰል የተከሰለበት ቦታ ደግሞ ይብሳል፤ እሳት የአፈሩን ብረት ይበልጥ ማግኔታዊ ያደርገዋል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከጮኸ ከላይ ያለውን ጥቁር ድንጋይ አንስታችሁ በጥቅሉ ፊት አሳልፉት። ከጮኸ ድንጋዩ ነው፤ መቆፈር አያስፈልግም።