የአዲስ አበባን አሮጌ ፎቅ ታሪክ ከውጭ ሆኖ ማጣራት

ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ያለ አሮጌ አፓርታማ «የአያታችን ነበር» ስለተባለ ብቻ ጠበቃ አይቀጠርም። በመጀመሪያ ሕንፃው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ በወረቀት ይከተሉ። አብዛኛው ጥያቄ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው በአንድ ዓመት፣ በ1967፣ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታን ሁሉ፣ ከቤትም ትርፍ የተባለውን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ስለነበር፣ ክፍል በክፍል ይከራይ የነበረ ፎቅ በአብዛኛው ትርፍ ተብሎ ተወርሷል። ወርሃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበረው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ሠራው?» ሳይሆን «ዛሬ ኪራዩን የሚሰበስበው ማነው?» ነው። የኪራይ ቤቶች አስተዳደርን የተካው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ከሆነ ማህደሩ እዚያ ይፈለጋል፤ የቀበሌ ቤት ከሆነ በወረዳና በክፍለ ከተማ የቤቶች ቢሮ፤ የግል ከሆነ ደግሞ ካርታው (የባለቤትነት ማረጋገጫው) በክፍለ ከተማው የመሬት ይዞታ ቢሮ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው አድራሻ ላይ ነው። የአባትዎ መታወቂያ «ከፍተኛ» (ከቀበሌ በላይ የነበረው እርከን) እና «ቀበሌ» ይላል፤ በ1995 ክፍለ ከተሞች መጡ፤ በኋላም ወረዳዎች እንደገና ተደራጁ። የዛሬው ወረዳ ቁጥር ከድሮው ቀበሌ ቁጥር ጋር ስለማይገጥም፣ በድሮው አድራሻ ብቻ ማህደር የሚፈልግ ሰው «የለም» ተብሎ ይመለሳል። የቆየ የኪራይ ወይም የግብር ደረሰኝ ካለ ሁለቱን አድራሻ ጎን ለጎን ጽፈው ይላኩ። ስሙንም እንዲሁ። ኃይሉ፣ ሐይሉ እና ሀይሉ ለእኛ አንድ ናቸው፤ መዝገብ በፊደል ተራ ለሚያገላብጥ ሠራተኛ ግን ሦስት ሰው ናቸው። ባለቤቱ አርመን፣ ግሪክ፣ ሕንዳዊ ወይም የመናዊ ከነበረ የአጻጻፉ ዓይነት ይበዛልና ሊጻፍ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ በአንድ ገጽ ይስጡ። ቀኖቹንም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀይሩ ይጠንቀቁ፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይደመራል።

ማህደር ለማየት ወኪል ያስፈልጋል። ውክልናውን ባሉበት አገር ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፊት ይፈርማሉ፤ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል። ተዘጋጅቶ በሚሰጥዎ ጽሑፍ ውስጥ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» የሚል ካለ ያስወጡት። ማመልከት፣ ማህደር መመልከት፣ የተረጋገጠ ኮፒ መውሰድ፣ ክፍያ ፈጽሞ ደረሰኝ መቀበል ይበቃል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ ለመክሰስ ልዩ ውክልና ስለሚጠይቅ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ሌላ ውክልና ይላካል። ባለቤቱ ከሞቱ ደግሞ የወራሽነት ማስረጃ በእጅ መኖር አለበት፤ ያለሱ «እርስዎ ማን ነዎት?» የሚለው ጥያቄ በየመስኮቱ ይጠብቅዎታል።

ካርታ ሲገኝ አይቸኩሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 መሠረት ካርታ የያዘ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል፤ በቁጥር 1196 ግን ግምቱን በማስረጃ ማፍረስ ይቻላል። የተሰጠበትን ቀንና ከምን ሰነድ ተነስቶ እንደተሰጠ ይጠይቁ። በአዋጅ የተወረሰና ያለ አዋጅ የተወሰደ ቤት አንድ አይደሉም፤ አዋጅ ቁጥር 110/1987 የተመለከተው አዋጆቹን በመጣስ የተወሰደውን ብቻ ነው። የእርስዎ ፎቅ በአግባቡ ተወርሶ ከሆነ ለ«አስመልስልዎታለሁ» ባይ ደላላ ገንዘብ አይላኩ።

የቤተሰብ ታሪክ ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት መንገዱ ቀላልና ደስ የሚል ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) የድሮ ጋዜጦች አሏቸው፤ ከ1933 ጀምሮ የታተመው አዲስ ዘመን ማስታወቂያዎቹ ሳይቀሩ መታየት አለባቸው። የዕድር መዝገብ ማን የት ክፍል እንደኖረ ይናገራል። ወኪልዎ ደረጃውን፣ የወለሉን ንጣፍ፣ የበሩን ቁጥርና የመብራት ቆጣሪውን ፎቶ ያንሳ፤ የመብራትና የውሃ ውል ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ደንበኛ ስም እንደቀረ ይገኛል። ይህን ግን ለቀጣይ ክረምት አያሳድሩት። በ2016 ፒያሳ ላይ እንደታየው ሰፈር ሲፈርስ ነዋሪውም ይበተናል።