ከጎንደር ሆኖ ለድረ ገጽ መጻፍ፦ ከሌላው እንዴት ትለያለህ?

ለሆቴሎችና ለአስጎብኚዎች ድረ ገጽ እጽፋለሁ። ቢሮዬ ፒያሳ ያለች አንዲት ካፌ ናት። ጀማሪዎች «ሥራ እንዴት ታገኛለህ?» ይሉኛል።

መጀመሪያ፣ ሁሉንም እጽፋለሁ አትበል። አንድ ዘርፍ ያዝ። እኔ የያዝኩት ጉዞን ነው፤ በእግሬ ሄጄ ማየት እችላለሁና።

ሂድና እይ። ዋናው ይሄ ነው። ስለ ፋሲል መዋኛ «ውብና ታሪካዊ» ብሎ የጻፈ ሞልቷል። አንተ ግን አጥሩ ሥር ቁም። የዛፎቹ ሥር ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጦ ወርዷል። ለጥምቀት የሚሞላው ውኃ የሚመጣው ከቀሃ ወንዝ ነው። እነዚህን ሁለቱን ጻፍ፤ «ውብ» የምትለዋን ሰርዝ።

ቀን አጣራ። አንድ ደንበኛ ጥምቀትን «ሁሌም ጃንዋሪ 19» ብለህ ጻፍ አለኝ። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ጥር 11 የሚውለው ጃንዋሪ 20 ነው። በ2016 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር። በ20 ጠዋት ሊመለስ ቲኬት የቆረጠ እንግዳ በዓሉን ሳያይ ይሄዳል! ይህን ካስረዳሁት ወዲህ ደንበኛዬ ሥራውን ለሌላ ሰው አልሰጠም።

ናሙና ከሌለህ ማንም ሳያዝህ ሦስት ጽሑፍ ጻፍ። ግማሽ ክፍያ ቀድመህ ተቀበል፤ ጨርሼ ከላክሁለት በኋላ ስልክ ማንሳት ያቆመ ሰው ገጥሞኛል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድመህ አስረክብ።

ለአዲስ ደንበኛ ስትጽፍ ስለ ራስህ አታብዛ። ድረ ገጹን አንብብና ያገኘኸውን አንድ ስህተት ከነማስተካከያው ላክለት።